አንዴ ጠይቂ

ፍርሃት እኔን የሚጀምረኝ ከሆዴ ነው። መጀመሪያ ሆዴ ይላወሳል፣ ቀጥሎ መዳፌ ይረጥባል፣ በመጨረሻ እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ይጠፋል። በአማርኛ ስፈራ ቢያንስ መሳደብ እችላለሁ። በእንግሊዝኛ ስፈራ ግን የምትቀረኝ አንዲት «ሶሪ» ናት፤ እሷኑ እንደ በቀቀን እለፈልፋታለሁ።

እንዲህ የሆንኩት ፈሪ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ የሚወራበት ሥራ ያዝኩ። ግራጫ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ በረድፍ ተደርድረዋል፣ በየጠረጴዛው አንድ ስክሪን፣ በየጭንቅላቱ አንድ ማዳመጫ። የሚደውሉልን ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ናቸው። የጋዝ ማሞቂያ የሚሸጥላቸው ድርጅት የስልኩን ሥራ ለእኛ መሥሪያ ቤት ሰጥቶታል። እነሱ ብርድ ላይ ሆነው ይደውላሉ፣ እኛ ቬንቲሌተር ሥር ተቀምጠን «በምን ልርዳዎት?» እንላለን። የት እንዳለን አይጠይቁም፣ እኛም አንነግራቸውም።

አብረውኝ የተቀጠሩት ገና ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ነበሩ። እኔ አርባ ልደፍን ትንሽ ስለቀረኝ «ማዘር» ብለው ሰየሙኝ። ቤት እናቴና ሴት ልጄ አሉ፤ ሁለቱም የሚያዩት የእኔን እጅ ነው። የሙከራ ጊዜያችን ሊያበቃ ሲል ሁለት ጥሪ ወድቆብኝ ነበር። ሦስተኛ ከወደቀ ስንብት ነው፤ ይቅርታ የለም፣ ሽማግሌ መላክ የለም።

ጥሪ የሚያሳልፈውና የሚጥለው ሰውዬ «ጆሮ» ይባላል። ወረቀት ላይ ማዕረጉ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። አዳራሹ ጫፍ ላይ መስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በፈለገው ሰው ጥሪ ውስጥ ሹልክ ብሎ ይገባል። ሲገባ ማዳመጫሽ ውስጥ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ትሰሚያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ቢሆን ነው፤ ግን ያቺ «ቀጭ» ስትመጣ የምሆነውን የምናውቀው እኔና የወንበሬ ጨርቅ ብቻ ነን። የሚባለው ሁሉ ይቀዳል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ያሉት አበው የተቀዳ ስልክ ሳያዩ ነው።

ከሥራው በፊት ለሳምንታት ትምህርት ነበረን። አሠልጣኛችን ቀጭን፣ ጫማዋ የማይሰማ ሴት ናት፤ እዚያ አገር ተምራ የመጣች ነች። መጀመሪያ የሥራውን ቃላት አስተማረችን፦ ቀጠሮ፣ ዋስትና፣ ቅሬታ፣ ካሣ። እነዚህን ልጄ ታጠናኝ ነበር፤ ስሳሳት ደግሞ በማስመሪያ ጠረጴዛውን እየመታች መምህሯ የሚያደርጋትን ሁሉ በእኔ ትወጣዋለች። ፈሊጡ ሲመጣ ግን ጉድ ፈላ። «ከአየሩ ሥር ነኝ ካሉ፣ አሞኛል ማለታቸው ነው» ስትለን፣ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ «ከአየሩ በላይ የሆነው ማነው?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። «ላሞቹ ቤት እስኪገቡ» ማለት ለረጅም ጊዜ ማለት ነው አለችን። «ጥይቱን ንከሰው» ማለት ቻለው ማለት ነው አለችን። ጥይት የሚያስነክስ አገር ሰው እንዴት እንዲህ ትሁት ሆነ እያልኩ ጻፍኩ።

ቃሉ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ባህሉ ነው። አሠልጣኛችን እንዲህ ትላለች፦ «እነዚህ ሰዎች ማንንም ማስቸገር አይወዱም። ትንሽ አመመኝ ካሉ በጣም አሟቸዋል። ምንም አይደለም ካሉ የሆነ ነገር አለ። ትዕዛዝ ደግሞ ነውር ነው፤ ክፈት አይባልም፣ ቢከፍቱት ቅር ይልዎታል? ነው የሚባለው።» ይህን ሁሉ ተቀበልኩ። ከዚያ ግን ጣቷን አንስታ የመጨረሻዋን ሕግ ተናገረች። «እንዴት ነዎት ብላችሁ አንዴ ጠይቁ። ደህና ነኝ ካለ ደህና ነው፤ እለፉት። ደግሞ መጠየቅ የሰው ጓዳ መግባት ነው። ሚስትዎ እንዴት ናቸው፣ ልጆችዎ እንዴት ናቸው፣ ብሎ ነገር የለም!» ይህን ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

ለእኔ ይህ ሞት ነው። ደህና ነህ? ደህና። ደህና ነህ ወይ? ይመስገን። ቤተሰብ ደህና? ሁሉም ደህና። ምነው ድምፅህ? ኧረ ደህና ነኝ፣ ያው ትናንት ትንሽ… እንዲህ እየተባባለ በኖረ ቤት ነው ያደግኩት። የመጀመሪያው «ደህና» የአፍ ነው፤ ለሰው የሚሰጥ ወንበር ነው። የሆድ የሚወጣው ሲደጋገም ነው። እናቴ ጉልበቷ እንዳመማት ለማወቅ ሰላምታውን እስከ ጎረቤቱ ድመት ድረስ ማዳረስ አለብኝ። ሁለቱ ጥሪዎቼም የወደቁት በዚሁ ነው፤ አንዷን ሴትዮ ልጇ ሲያለቅስ ሰምቼ «ምን ሆነብሽ?» አልኳት፣ አንዱን ሰውዬ ደግሞ «ሳሉ ተሻለዎት?» ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። ጆሮ ጠርቶኝ «ማዘር፣ አንቺ ማሞቂያ ነው የምትሸጪው ወይስ ለቅሶ ልትደርሺ ነው የመጣሽው?» አለኝ። ሶሪ አልኩት።

ያን ቀን ምሳ በልተን እንደተመለስን ስልኬ ጮኸ። አነሳሁ። ወዲያው «ቀጭ» አለ። ሆዴ ተላወሰ።

«እንደምን አደሩ፣ እንዴት ነዎት ዛሬ?» አልኩ እንደተማርኩት። እዚያ ገና ጠዋት ነበር።

«ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» አለ አንድ ሽማግሌ። ድምፁ ቀስ ያለ፣ ለስላሳ ነው። «ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ። ቸኩዬ አይደለም። ማሞቂያውን የሚያየው ሰው የሚመጣው መቼ እንደሆነ ለማወቅ ያህል ነው።»

እንግሊዝኛ አንተና አንቱ የለውም፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም በአንድ «ዩ» ይጠራዋል። እኔ ግን በሆዴ አባባ እያልኩ፣ በሆዴ አንቱ እያልኩ ነው የማወራው። መዝገቡን ከፈትኩ። ቀጠሮው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ነገርኩት።

«ግሩም ነው» አለ። «ምንም አይደለም። እሳቱ ትንሽ ቢጫ ሆኗል፤ ደስ የሚል ቢጫ ነው እንዲያውም። ሰማያዊ ነበር የምናውቀው።»

ስክሪኔ ላይ ያለው ጽሑፍ «ጋዝ ይሸትዎታል?» ብለሽ ጠይቂ ይላል። ይሸታል ካለ ቀዩን ቁልፍ ተጭኜ ከአደጋ ክፍል ጋር አገናኘዋለሁ። አይሸትም ካለ ቀጠሮውን አረጋግጬ አመስግኜ እዘጋለሁ። ጠየቅኩት።

«አይሸተኝም» አለ። «ምንም አይሸትም።»

«ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

«የለም፣ የለም። በጣም… በጣም ደግ ነሽ።» በሁለቱ «በጣም» መሃል ረጅም ዝምታ ነበር። አንዱን ቃል አንስቶ ሁለተኛውን የት እንዳስቀመጠው የሚፈልግ ይመስላል።

መዝጋት ነበረብኝ። ጽሑፉ አልቋል፣ ጥሪው አልፏል፣ ጆሮም ረክቶ ይወጣል። ጣቴ መዝጊያው ላይ ነበር። ግን ያ ዝምታ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የማውቀው ዝምታ ነው።

ልጅ ሆኜ አክስቴና እናቴ በብርድ ወር ከሰል አንድደው፣ በሩንም መስኮቱንም ዘግተው ተኙ። እኔ ሌላ ክፍል ነበርኩ። ጠዋት እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «ራሴን ትንሽ አመመኝ» ትላለች፣ ቃሏን እየጎተተች፣ ፈገግ እያለች። አክስቴን ለመቀስቀስ ማንም አልቸኮለም፤ ትተኛ ተባለ። የከሰሉ መርዝ አይሸትም ነበር። አክስቴ በዚያው ቀረች።

«እንዴት ነዎት ግን?» አልኩት።

ጆሮ ከመስታወቱ ጀርባ በእስክሪብቶው መስታወቱን ቆረቆረ። ማስጠንቀቂያ ነው። መዳፌ ውሃ ሆነ።

«ደህና ነኝ እኮ» አለ ሽማግሌው፣ ትንሽ እየገረመው።

«እንቅልፍስ? ደህና አደሩ?» ሦስተኛዬ ነው። ጆሮ ከወንበሩ ተነሳ። እማዬን አሰብኩ፣ ልጄን አሰብኩ። ነገ ጠዋት ዩኒፎርሟን ስትለብስ እኔ ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ አልጋ ላይ ተቀምጬ ስታየኝ ታየኝ።

«እንቅልፍማ…» ሳቀ። «እንቅልፍማ በዛብኝ። እንዲያውም አሁንም ወንበሩ ላይ… ራሴን ትንሽ ያመኛል። ከአየሩ ሥር ነኝ መሰለኝ። ምንም አይደለም።»

ክው አልኩ። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ቀልድ ያደረገው ፈሊጥ እኔ ላይ በረዶ ሆኖ ወረደ። ትንሽ አለ፤ ምንም አይደለም አለ። ሁለቱንም ተምሬያቸዋለሁ።

«አባባ» አልኩ፣ በአማርኛ አፌ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት። «ጌታዬ፣ እባክዎ፣ ስልኩን እንደያዙ ወደ ውጭ ቢወጡ ቅር ይልዎታል?»

«ውጭ ብርድ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ቅር ካላለዎት። አሁኑኑ።»

መቼም ትሁት ሰው ትሁት ነው፤ ምክንያቱን እንኳ አልጠየቀኝም። ወንበር ሲጮህ ሰማሁ፣ እግር ሲጎተት ሰማሁ፣ አንድ ነገር ወደቀ፣ «ኦ ዲር» አለ፣ ወይ ጉድ እንደማለት። እኔ ትንፋሼን ይዤ ወደ ጆሮ ዞርኩ። ክፍሉን ለቆ በረድፎቹ መሃል ወደ እኔ እየመጣ ነበር፤ ፊቱ ላይ ምን እንዳለ ማየት አልደፈርኩም። በር ተከፈተ። ነፋስ ሰማሁ፣ ወፍ ሰማሁ። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አየሩን ሲጠጣው ሰማሁ።

«እዚህ አግዳሚ ወንበር አለን» አለ። «ተቀመጥኩ። ልክ ነሽ፣ ይሻላል።»

ወንበሬ ላይ ፈሰስኩ። አንድ ሰው አተረፍኩ፣ ሥራዬን አጣሁ፣ በቃ፣ ይሁን፣ እንጀራ ሰጪው ሌላ ነው አልኩ ለራሴ። ጆሮ አጠገቤ ደርሶ ትርፉን ማዳመጫ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። አሁን መሰናበት ብቻ ነው የቀረው። እኔ ስሰናበት ደግሞ ምላሴ የለመደው አንድ መንገድ አለ፤ ማንም አሠልጣኝ ያላስጣለኝ። ሳላስበው አፌ ውስጥ ተንከባለለ።

«ቤተሰብስ እንዴት ነው? ሁሉም ደህና?»

ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሚስቴ ናት ያለችኝ» አለ ሽማግሌው። «ተኝታለች። ሌሊቱን ራሷን ሲያማት ነው ያደረው። ልቀስቅሳት ብዬ ነበር፣ አሳዘነችኝ።»

ሂድና አምጣት እንዳልለው፣ ከገባ ሊቀር ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ቃል ልገድላቸው ነው። አትግባ እንዳልለው ደግሞ ሴትዮዋ… ጆሮን ቀና ብዬ አየሁት። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ተጎንብሶ የእኔን ቀይ ቁልፍ ራሱ ተጫነው፣ በአድራሻው ላይ ጣቱን እያስኬደ በሌላ መስመር ለአደጋ ክፍል ማውራት ጀመረ። ቁጥሩን ተሳሳተ፤ «ሶሪ» አለ። ለካ እሱም እንደ እኔ ፈሪ ነው።

«መኝታ ቤቱ የት ነው?» አልኩ።

«እዚሁ፣ ፊት ለፊቴ። ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ይታየኛል።»

«ይከፈታል? ከውጭ?»

«ከውስጥ ነው የሚከፈተው።»

«እንግዲያው… ቢሰብሩት ቅር ይልዎታል?»

«ባይሆን እመርጣለሁ» አለ፣ በጣም በትህትና። «በቅርቡ ነው ያስገባነው። እሷ ናት የመረጠችው። መስኮቷ ላይ ቀልድ አታውቅም።»

የተማርኩት ትህትና ሁሉ እዚህ ላይ አለቀ። ቢሆን፣ ባይሆን፣ ቅር ካላለዎት፤ ሁሉም ከእጄ ላይ ረገፈ። ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። በሆዴ የያዝኩት አንቱም ተነነ።

«ብሬክ ዘ ዊንዶው!» ብዬ ጮህኩ። «ናው! ብሬክ ኢት!» አልበቃኝም። «ስበረው! ስበረው እንጂ አንተ ሰውዬ! ምን ትጠብቃለህ!»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አሠልጣኛችን ከበሩ አጠገብ በእጇ ወረቀት እንደያዘች ቆማለች። ጆሮ በአንድ እጁ የራሱን ማዳመጫ አፍኖ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ይህ ጥሪ ይወድቃል፤ ታውቂያለሽ አይደል?» አለ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ።»

«መኪና እየሄደላቸው ነው። እንዳትዘጊው።»

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ተቀመጠ፣ እንጨት ይመስለኛል። እግር በሣር ላይ ሄደ። ከባድ ነገር ሲነሳ የሽማግሌ ማቃሰት ተሰማኝ። ከዚያ መስታወቱ ወረደ። ድምፁ ማዳመጫዬን ሞልቶ ጥርሴ ድረስ ገባ። ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ክንዴን ይዛ እንደነበር ያወቅኩት ጥፍሯ ሲያመኝ ነው።

ሚስቱን ጠራ። መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። ያ ለስላሳ ድምፅ አሁን ለስላሳ አይደለም፤ የእኔን ጩኸት የተማረ ይመስል ነበር። ሦስተኛ ሲጠራት ድምፁ መሃሉ ላይ ተሰበረ። በሕይወቴ የፈራሁት ሁሉ፣ የጆሮ «ቀጭ»፣ ስንብቱ፣ የልጄ ዓይን፣ የዚያን ዝምታ የጫማ ጠፍር አይፈታም። ጠረጴዛውን ያዝኩ። እንግሊዝኛውም አማርኛውም ጥሎኝ ጠፍቶ በከንፈሬ ብቻ አንድ ነገር እል ነበር፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አላውቅም።

ሳል መጣ። ከሩቅ፣ ከውስጥ፤ ቀጭን፣ ደረቅ ሳል። ቀጥሎ የአሮጊት ድምፅ፣ የተቆጣ፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው።

«መስኮቴን ምን እያደረግከው ነው?»

ሽማግሌው እያለቀሰ ይሳቅ፣ እየሳቀ ያልቅስ መለየት አልቻልኩም። «ወደ አየሩ ነይ፣ አንገትሽን አውጪ፣ ስልክ ላይ ያለችው ልጅ ናት ስበር ያለችኝ» ሲላት ይሰማኛል። «የቷ ልጅ?» ትለዋለች። «የማሞቂያዋ።» «የማሞቂያዋ ልጅ ስለ መስኮቴ ምን አገባት?» ትለዋለች። እንዲህ እየተጨቃጨቁ ስልኩን አንስቶ በተሰበረው መስኮት በኩል አቀበላት መሰለኝ፤ ትንፋሿ ድንገት ጆሮዬ ሥር ሆነ። ከባድ፣ የሚያፏጭ ትንፋሽ ነው። ከጀርባዋ፣ ከሩቅ፣ የአምቡላንስ ጩኸት ይመጣል።

«ሃሎ?» አለች። «ማን ነሽ?»

ማን እንደሆንኩ የምናገርበት ዓረፍተ ነገር ስክሪኔ ላይ ተጽፎልኛል፤ ማንበብ ብቻ ነው። አልታየኝም። ዓይኔ ሞልቶ ነበር።

«እንዴት ነዎት እማማ?» አልኳት በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ደገምኩት። «ደህና ነዎት?»

«አይደለሁም» አለች ሴትዮዋ። «ጭራሽ ደህና አይደለሁም። ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ ሊያስመልሰኝ ነው፣ አልጋዬ በሙሉ መስታወት ሆኗል።»

«ተመስገን!» አልኳት።